አረቦኑ ረክሷል፣ ካሳውስ?

ለመኪናውም ሆነ ለቤቱ መድን ሊገባ የተነሣ የአዲስ አበባ ነጋዴ የመጀመሪያ ጥያቄው «ስንት ታስከፍላላችሁ?» የሚል ነው። ለሁለት ሦስት ኩባንያዎች ስልክ ይደውላል፣ የሚያውቀውን ደላላ ያነጋግራል፣ ቅናሽ ይጠይቃል፣ በመጨረሻም አነስተኛ አረቦን ወደጠየቀው ጎራ ይላል። መኪናውን ሲገዛ ሜካኒክ ከሥር አስተኝቶ ያስመረመረ ሰው የመድን ውሉን ግን ሳያነበው ከሊብሬው ጋር አጥፎ ያስቀምጠዋል። ውሉ የሚነበበው ከግጭት በኋላ ነው። ያን ጊዜ ደግሞ ንባቡ አይጥምም።

ገበያው በዋጋ በኩል ለገዢ የሚመች መሆኑ አይካድም። በ1967 ዓ.ም. 13 የመድን ኩባንያዎች ከተወረሱ በኋላ ዘርፉ ለሁለት አሥርት ዓመታት ገደማ በመንግሥት እጅ ብቻ ነበር። አዋጅ ቁጥር 86/1986 ለግል ባለሀብቶች በሩን ሲከፍት አፍሪካ፣ አዋሽ፣ ህብረት፣ ናይልና ንያላን የመሳሰሉት ተከታትለው ተቋቋሙ። ዛሬ የኢትዮጵያ መድን ድርጅትን ጨምሮ ከብሔራዊ ባንክ ፈቃድ አግኝተው የሚሠሩት ከአሥራ አምስት በላይ ናቸው። አብዛኞቹ ግን የሚሻሙት በአንድ ገበያ ነው፤ በተሽከርካሪ መድን። ትልቁ አረቦን የሚሰበሰበው ከዚያ ነው፣ ካሳውም በብዛት የሚወጣው ለዚያው ነው።

ሽሚያው ዋጋ መስበርን ወልዷል። ለደንበኛው መልካም ዜና ይመስላል። ነገር ግን ኩባንያው ከሚከፍለው ካሳ በታች ሲያስከፍል ጉድለቱን ከአንድ ቦታ መሙላት አለበት። የሚሞላውም ደንበኛው በማያየው ቦታ ነው፦ በኤክሰሱ፣ በእርጅና ቅናሹ፣ በጋራዥ ምርጫው፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ደንበኛው በሚመላለስባቸው ቀናት ብዛት።

በድሮ ዋጋ የተመዘገበ መኪና

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፣ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። የመኪናና የመለዋወጫ ዋጋም ተከትሎት ወጣ። ብዙ ባለመኪናዎች ግን ውላቸውን ሲያድሱ የሚያስመዘግቡት የዋጋ ግምት የድሮው እንደሆነ ነው፤ ግምቱ ከፍ ሲል አረቦኑም ከፍ ይላልና።

ይህ ቁጠባ ምን ያህል እንደሚያስከፍል በምሳሌ እንየው። ዛሬ ገበያ ላይ 4 ሚሊዮን ብር የሚያወጣ መኪና በ2 ሚሊዮን ብር መድን ተገባለት እንበል። መኪናው ተጋጭቶ ጥገናው 600 ሺሕ ብር ቢጠይቅ ባለቤቱ «ጉዳቱ ከ2 ሚሊዮን በታች ስለሆነ ሙሉው ይከፈለኛል» ብሎ ያስባል። ንግድ ሕጉ ግን ንብረቱን ከዋጋው በታች ያስመዘገበ ሰው ለቀረው ድርሻ ራሱ መድን ሰጪ እንደሆነ ይቆጥረዋል። በሙያው ቋንቋ አቬሬጅ የሚባለው ይኸው ነው። ግማሹን ብቻ ስላስመዘገበ የሚከፈለው ግማሹ፣ ማለትም 300 ሺሕ ብር ነው፤ ከዚያም ላይ ኤክሰሱ ይቀነሳል። የአረቦኑ ምጣኔ ከመቶ አንድ ተኩል ነበር ብንል፣ ዋጋውን ዝቅ በማድረጉ ያዳነው 30 ሺሕ ብር ነው። ይህን ለማዳን 300 ሺሕ ብር ከኪሱ አወጣ ማለት ነው።

እንግዲህ ለኩባንያ የሚቀርበው የመጀመሪያው ጥያቄ «ስንት?» መሆኑ ቀርቶ «በከፊል ጉዳት ላይ አቬሬጅ ትቆርጣላችሁ ወይ? በዓመቱ አጋማሽ ዋጋው ቢወጣ ግምቱን ከፍ ታደርጉልኛላችሁ ወይ?» ቢሆን ይበጃል። መልሱም በቃል ሳይሆን በጽሑፍ ይሁን። በተቃራኒው ከገበያ በላይ ማስመዝገብም ጥቅም የለውም። መድን የሚክሰው የደረሰውን ጉዳት ብቻ ስለሆነ 4 ሚሊዮን የሚያወጣውን 6 ሚሊዮን ብሎ ያስመዘገበ ሰው የሚተርፈው የአረቦን ወጪ ነው።

ጋራዡን ማን ይመርጣል?

ከአደጋው በኋላ ያለውን መንገድ ነጋዴዎች በሚገባ ያውቁታል። የትራፊክ ፖሊስ ሪፖርት ይመጣል፣ የኩባንያው ኢንጂነር ጉዳቱን ያያል፣ ጋራዦች ዋጋ ይሰጣሉ፣ ብዙውን ጊዜም ዝቅተኛው ያሸንፋል። ኩባንያዎች አንዱ ከሌላው የሚለዩት እዚህ ላይ ነው። አንዱ ከታወቁ ጋራዦች ጋር አስቀድሞ ተዋውሎ መኪናውን ወዲያው ያስገባል፤ ሌላው መለዋወጫ እስኪገኝ እያለ ወራት ያቆየዋል። አንዱ ለተሰበረው ፋኖስ አዲስ ፋኖስ ይገዛል፤ ሌላው በመኪናው ዕድሜ ልክ የእርጅና ቅናሽ አድርጎ ልዩነቱን ለባለቤቱ ይተወዋል። ሁለቱም በውሉ ላይ ተጽፏል፣ ሁለቱም ሕጋዊ ነው። ዕቃ በማመላለስ ለሚተዳደር ሰው ደግሞ መኪናው በቆመ ቁጥር የሚቀርበትን ገቢ መደበኛው ውል አይሸፍንም።

ማን በጊዜ እንደሚከፍል ለማወቅ የጋዜጣ ማስታወቂያ ከማንበብ ይልቅ ሁለት ሦስት የጋራዥ ባለቤቶችን መጠየቅ ይሻላል። ገንዘባቸው የት እንደተያዘ እነሱ ያውቃሉ። የግል ኩባንያዎቹ አክሲዮን ማኅበራት በመሆናቸው በኦዲተር የተመረመረ ሂሳባቸውን በየዓመቱ ያወጣሉ። ትርፉን ብቻ ሳይሆን ገና ያልተከፈለው የካሳ ዕዳ ከአረቦን ገቢው አንጻር ምን ያህል እንደሆነ የሚያይ አንባቢ ብዙ ይማራል። ትልቅ ሕንፃ ወይም ብዙ መኪና ያለው ሰው ስለ ጠለፋ መድኑም መጠየቅ አለበት፤ በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረውን የኢትዮጵያ ጠለፋ መድንን ጨምሮ ኩባንያው አደጋውን ለማን አጋርቷል? ከባዱ ካሳ ሲመጣ አብሮ የሚሸከመው ያ ወገን ነውና።

ሦስተኛ ወገንን በተመለከተ ብዙ መዞር አያስፈልግም። በአዋጅ ቁጥር 559/2000 ግዴታ ሆኖ በኋላ በአዋጅ ቁጥር 799/2005 የተተካው ይህ ሽፋን በሕግ የተወሰነ በመሆኑ ከየትኛውም ኩባንያ ቢገዛ አንድ ነው። የሚዘነጋው ግን ጣሪያ ያለው መሆኑ ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን የመኪናን ባለቤት ጥፋት ባይኖርበትም እንኳ መኪናው ላደረሰው ጉዳት ተጠያቂ ያደርገዋል፤ ከጣሪያው በላይ የተፈረደው ሁሉ የሚወድቀው በባለቤቱ ላይ ነው። ውድ መኪና በሞላበት ከተማ ለሚነዳ ሰው ከግዴታው በላይ የኃላፊነት ሽፋን መጨመር ከጥቂት መቶ ብር ቅናሽ የበለጠ ያስተማምነዋል።

ቤቱስ?

በቤት በኩል ስሕተቱ የተገላቢጦሽ ነው። ቦሌ ላይ ያለ ቤት የሚሸጥበት ዋጋ አብዛኛው የቦታው ዋጋ ነው። ቦታ ደግሞ አይቃጠልም። መድን መግባት ያለበት ቤቱ ቢወድም ዛሬ በሲሚንቶ፣ በብረትና በጉልበት ዋጋ መልሶ ለመሥራት በሚጠይቀው ገንዘብ ልክ ነው። በሽያጭ ዋጋ ያስመዘገበ ሰው በከንቱ አረቦን ይከፍላል። የባንክ ብድር ያለበት ደግሞ ባንኩ ባስገባው የእሳት መድን ተማምኖ ይቀመጣል። ያ ውል ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠብቀው የባንኩን ብድር ነው፤ የቤት ዕቃውን አይመለከትም፤ ዕዳው ተከፍሎ ሲያልቅም የሚያድሰው አይኖርም።

መደበኛው የእሳት መድን እሳትንና መብረቅን ይሸፍናል። የመሬት መንቀጥቀጥ፣ ጎርፍ፣ ስርቆትና ሁከት ግን ተጨማሪ ተከፍሎባቸው የሚካተቱ ናቸው። በ2017 ዓ.ም. ከአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ የተነሣው መንቀጥቀጥ አዲስ አበባ ድረስ ፎቆችን ሲያወዛውዝ ስንቱ ባለቤት ውሉን አውጥቶ እንዳየ እንጃ። በሰኔ 2012 ዓ.ም. ማብቂያ በሻሸመኔና በሌሎች ከተሞች ንብረት ሲቃጠልም ትልቁ ጥያቄ የነበረው ይኸው የሁከት ሽፋን ነው። እሳቱ እሳት ነው፤ መድን ሰጪው የሚጠይቀው ግን ማን ለኮሰው ብሎ ነው። ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. በመርካቶ ሸማ ተራ የደረሰውን ቃጠሎ ያየ ነጋዴ ለቤቱ ሲዋዋል የመጋዘኑንም ውል አብሮ ቢያይ መልካም ነው። መኖሪያ ተብሎ መድን በተገባለት ቤት ውስጥ ዕቃ ማከማቸት ለኩባንያው ካልተነገረ ካሳ ለመከልከል ምክንያት ይሆናል። ለግል አገልግሎት ተብሎ የተመዘገበ መኪና ለኪራይ ሲሠራ ተጋጭቶ ቢገኝም እንደዚያው ነው።

የመድን ሠራተኞች ሁሉ «ደላላ» ሲባሉ እንሰማለን። ልዩነት ግን አለ። ወኪሉ የኩባንያው ሰው ነው፤ ፈቃድ ያለው የመድን ደላላ ግን መወከል ያለበት ደንበኛውን ነው። የሁለቱም ኮሚሽን የሚመጣው ከኩባንያው መሆኑን አለመርሳት ነው። ጥሩ ደላላ የሚታወቀው ውል በማምጣቱ ሳይሆን ካሳ ሲዘገይ ከደንበኛው ጎን ሆኖ ደብዳቤ በመጻፉ ነው።

ስለ ጊዜም አንድ ቃል። በ2013 ዓ.ም. አዲስ የንግድ ሕግ ቢወጣም መድንን የሚመለከተው የ1952 ዓ.ም. ሕግ ክፍል አልተሻረም። በእሱ መሠረት አደጋው እንደታወቀ፣ ቢዘገይ በአምስት ቀን ውስጥ ለኩባንያው ማሳወቅ ግዴታ ነው። የካሳ ክስም በሁለት ዓመት ይርጋ ይታገዳል። «ነገ ተመለስ» እየተባለ የሚመላለስ ደንበኛ ይህን ቀን በማስታወሻው ቢጽፈው፣ ጥያቄውንም በቃል ሳይሆን ቀን ባለው ደብዳቤ አስገብቶ ቅጂው ላይ ቢያስፈርም ይጠቀማል። ቅሬታ ይዞ ተቆጣጣሪው ብሔራዊ ባንክ ዘንድ ለመሄድ ቢገደድም በእጁ የሚያሳየው ያንኑ የተፈረመበትን ቅጂ ነው።