ድንጋይ ላሹ ዓሣ

ከነቀምቴ ወደ በደሌ የሚወስደው መንገድ ዴዴሳን ይሻገራል። ድልድዩ ላይ ቆሞ ቁልቁል የሚያይ መንገደኛ የሚያስበው አምባዛውን፣ ቆሮሶውን፣ ቢልጫውን ነው። የዛሬው እንግዳችን ግን መጥበሻ አይሞላም፤ ስንዝር ከደረሰ ትልቅ ነው። የአገሬው ሰው ቁርጡሚ ቢለው ልክ ነው፤ ኦሮምኛው ግን ዓሣን ሁሉ ቁርጡሚ ይላል። በሳይንስ ጋራ ይባላል። ተራራውን ማለት አይደለም፤ ፍራንሲስ ሃሚልተን የተባለ ስኮትላንዳዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1822 የጋንጀስን ዓሦች ሲመዘግብ የሰጠው ስም ነው። ያም ሆኖ ከዳገት ለሚወርድ ውሃ ነዋሪ ስሙ ገጥሞለታል።

ገልብጠው ይዩት። አፉ ከፊቱ ሳይሆን ከሥሩ ነው። የታችኛው ከንፈሩ ሰፍቶ ክብ ሆኗል፤ መሐሉ ጠንከር ያለ ሥጋ፣ ዳሩ ልል ነው። ይህን ድንጋይ ላይ ሲጫነው ይጣበቃል። ሆዱ ጠፍጣፋ ነው፤ የደረቱ ክንፎችም ወደ ጎን ስለሚዘረጉ ውሃው በላዩ ያልፋል እንጂ አያነሳውም።

በሐሩር ደሴቶች ወንዞች ይህን ሙያ የያዘው ጎቢ የሚባለው ትንሽ ዓሣ ነው። እሱ የሚጣበቀው ግን ሁለቱ የሆዱ ክንፎች ተጋጥመው በሠሩት ሲኒ መሳይ ነገር ነው። የሃዋይ አንዱ ዝርያ በሆዱና በአፉ እያፈራረቀ ፏፏቴ ይወጣል። የእነዚህን ጎቢዎች ጫጩቶች ወንዙ ባሕር ያደርሳቸዋል፤ ጠና ሲሉ ይመለሳሉ። የዴዴሳ ውሃም በአባይ በኩል ሜዲትራኒያን ይገባል፤ ግን ትናንት የተፈለፈለ ዓሣ ለዚያ ሁሉ ሺህ ኪሎ ሜትር ስንቁን ከየት ያመጣል? ጋራ ዕድሜውን እዚያው ወንዙ ውስጥ ይጨርሳል።

ቀለቡ ድንጋዩ ላይ ነው፦ እግር የሚያንሸራትተው አረንጓዴ ልባስ። በመንጋጋው ስል ጠርዝ ይፍቀዋል። አፉ ውስጥ ጥርስ የለም፤ ጥርሱ ጉሮሮው ውስጥ ነው። ጨጓራም የለውም፤ የተጠቀለለው ረጅም አንጀቱ ሥራውን ይሠራል። ከዳገት የታጠበ አፈር ድንጋዩን ሲያለብሰው ገበታው ተነሳ ማለት ነው።

ቱርክ ውስጥ የሰው እግር ቆዳ እየለቀመ ዝና ያተረፈው «ዶክተር ዓሣ» የዚሁ ወገን ነው። የእኛዎቹን ዞር ብሎ የሚያይ ጥቂት ነው። ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል እ.ኤ.አ. በ1830ዎቹ ከጣና የመዘገበው ዝርያ ደንቢያን በስሙ ይዟል። እ.ኤ.አ. በ2007 ደግሞ ሜላኒ ስታያስኒና አበበ ጌታሁን አምስት አዳዲስ የኢትዮጵያ ዝርያዎችን በአንድ ጽሑፍ አስተዋውቀዋል፤ አንዱ ደምበጫን በስሙ ያስጠራል።

በበጋ፣ ወንዙ ሲመነምን፣ የብርብራ ፍሬ ወቅጦ ውሃ ውስጥ መበተን የቆየ የዓሣ ማስገሪያ ዘዴ ነው። ፍሬው ውስጥ ያለው ሮቴኖን የዓሣው ሰውነት በኦክስጅን እንዳይጠቀም ያግደዋል። ትላልቆቹ ይለቀማሉ። የክረምት ጎርፍ ያላነቃነቀው ጋራም ከድንጋዩ ይላቀቅና ሆዱን ወደ ላይ አድርጎ ከውሃው ጋር ይወርዳል።