ከሚኒስትርነት ወደ ሕግ መወሰኛ፦ የሐዲስ ዓለማየሁ መንገድ

ክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁን አብዛኛው አንባቢ የሚያውቃቸው «ፍቅር እስከ መቃብር» በተባለው ልብ ወለዳቸው ነው። ደብረ ማርቆስ አጠገብ በጎዛምን እንዶዳም ኪዳነ ምሕረት የተወለዱት እኚህ የቆሎ ተማሪ ግን ዕድሜያቸውን ያሳለፉት በመንግሥት ሥራ ነው። ጣልያንን ተዋግተው ተማርከዋል፤ በግዞትም ዓመታት አሳልፈዋል። ከነፃነት በኋላ በኢየሩሳሌም፣ በዋሽንግተን፣ በተባበሩት መንግሥታትና በለንደን አገራቸውን ወክለዋል። የትምህርት፣ በኋላም የፕላንና ልማት ሚኒስትር ሆነዋል። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት አባል ሆኑ።

ይህ ምክር ቤት ምን ነበር? በ1948ቱ የተሻሻለ ሕገ መንግሥት ፓርላማው ሁለት ክፍል ነበረው። የሕግ መምሪያ ምክር ቤት አባላትን ሕዝቡ በየአራት ዓመቱ ይመርጣቸው ነበር። የሕግ መወሰኛ አባላትን ግን ንጉሠ ነገሥቱ አገራቸውን በማገልገል ከታወቁ ሰዎች መካከል ለስድስት ዓመት ይሾሟቸው ነበር፤ ቁጥራቸውም ከመምሪያው አባላት እኩሌታ አይበልጥም ነበር። ረቂቅ ሕግ የሚጸናው ሁለቱ ምክር ቤቶች ተስማምተውበት ንጉሠ ነገሥቱ ሲያጸድቁት ነበር። ስለዚህ ሚኒስትር የነበረ ሰው ሕግ አውጭ ለመሆን መራጭ ፊት መቆም አያስፈልገውም ነበር፤ ያሻገረው ሹመት ነው።

የዚህ አሠራር ጉድለት ጎልቶ የታየው በሐዲስ የትውልድ አገር፣ በጎጃም ነው። የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ በ1960 ዓ.ም. ፓርላማውን አልፎ ሲወጣ፣ የጎጃም ገበሬ መሬቴ ሊለካ፣ ርስቴ ሊነካ ነው ብሎ ተነሣ። መንግሥት ጦር ላከ፤ በኋላ ግን አገረ ገዥውን አንሥቶ ውዝፍ ግብር እስከ መማር ደረሰ። ገበሬው በምክር ቤት ሊሰማ የሚገባውን ቃሉን በጠመንጃ ተናገረ።

የሚያስደንቀው፣ ሐዲስ ይህን ቃል ቀድመው መጻፋቸው ነው። በ1958 ዓ.ም. በታተመው ልብ ወለዳቸው ውስጥ የፊታውራሪ መሸሻ ገባሮች ከልማድ በላይ የሆነ ግብር አንሰጥም ብለው በአበጀ በለው መሪነት ያምፃሉ። ደራሲው የገበሬውን ሮሮ ያወቁት ከተወለዱበት ቀዬና ከተማሩባቸው ደብሮች ነው።

ፓርላማው በ1967 መስከረም ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ሲወርዱ ፈረሰ። ሐዲስ እስከ ኅዳር 1996 ዓ.ም. ኖሩ። የሕይወታቸው መንገድ የሚያስተምረን አንድ ቁም ነገር አለ፦ የባለሥልጣን ዕውቀትና ልምድ ለሕግ አውጭ ትልቅ ስንቅ ነው፤ ወንበሩን የሰጠው ሕዝብ ካልሆነ ግን ሕዝብ ሊጠይቀው አይችልም። እጅግ የተማረና ቅን ሰው እንኳ በሹመት ሲቀመጥ፣ የጎዛምን ገበሬ «ስለ እኔ ምን ተናገርክ?» የሚልበት መንገድ የለውም። ዛሬም ተወካዩን የሚመርጥ ሰው ይህን ጥያቄ መያዝ አለበት።