ትልቁ ውሻ ለማን ይሰጥ?

ቤት የሚለቅ ሰው ዕቃውን ሲያሰናዳ አልጋውን፣ ቁም ሣጥኑን፣ ምጣዱንና ረከቦቱን አይረሳም። ውሻውን የሚያስበው ግን ብዙ ጊዜ የጭነት መኪናው በር ላይ ከቆመ በኋላ ነው። ይህን የምንለው ማንንም ለማማት ሳይሆን በከተማችን በአዲስ አበባ ደጋግመን ስላየነው ነው። ከ1990ዎቹ ዓመታት አጋማሽ ወዲህ እጅግ ብዙ ቤተ ሰብ ከግቢ ወጥቶ ኮንዶሚኒየም ገብቷል፤ በ2016 ዓ.ም. በፒያሳ፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ በካዛንቺስ ነባር ሰፈሮች ለኮሪደር ልማት ሲነሡ ብዙ ሰው የኖረበትን ደጅ ለቅቋል። ሰውስ እንደ ምንም ይለምደዋል። በሰፊ ግቢ ሲሮጥ ያደገው፣ ክብደቱ ከ30 እስከ 40 ኪሎ የሚደርሰው ጀርመን ሼፐርድ ግን በአራተኛው ፎቅ ላይ ምን ያድርግ?

ነገሩ ለአንባቢዎቻችን የሩቅ አይምሰላችሁ። ዛሬ ተማሪ የሆነው ነገ ለትምህርት ወደ ውጭ አገር ይሄዳል፤ ወጣቱ ሹምም ወደ ሌላ ከተማ ይዛወራል። ውሻዬን ይዤ እሄዳለሁ የሚል ቢኖር አስቀድሞ ይነሣ። ከአገራችን ወደ አውሮፓ ኅብረት አገሮች የሚገባ ውሻ ከቆዳው ሥር መለያ ቺፕ ሊደረግለትና የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ሊከተብ ያስፈልጋል፤ ከክትባቱ በኋላ ቢያንስ 30 ቀን ቆይቶ ደሙ ይመረመራል፤ ደሙ ከተወሰደም በኋላ 3 ወር መጠበቅ ግድ ነው። ቪዛውን በኪሱ ይዞ የጕዞ ቀን ለሚቈጥር ሰው አራት ወር ከየት ይመጣል?

ታዲያ ብዙው ሰው ምን ያደርጋል? አንዳንዱ በባዶው ግቢ ትቶት ይሄዳል፤ ውሻውም በፈረሰው ደጃፍ ተቀምጦ ጌቶቹን ይጠብቃል። አንዳንዱ በመኪና ጭኖ ከእንጦጦ ጫካ ዳር ያወርደውና «ነጻ አወጣሁት» ይላል። ከሰው እጅ ሲበላ የኖረ ውሻ ነጻነቱ እስኪመሽ ድረስ ነው፤ ሲመሽ ጅብ አለ። ከጅቡ ቢያመልጥም ከመንገድ ውሾች ጋር ይነካከሳል፤ ክትባቱም ጊዜው ያልፍበታል። በሰው ላይ ከሚደርሰው የእብድ ውሻ በሽታ ከመቶው እስከ 99 የሚሆነው ከውሻ የሚተላለፍ መሆኑን የዓለም ጤና ድርጅት ይገልጻል፤ የበሽታው ምልክት በሰው ላይ ከታየ በኋላ ደግሞ መዳን እጅግ ብርቅ ነው። ስለዚህ የተጣለው ውሻ ዕዳ በዚያ መንገድ ወደ ትምህርት ቤት ለሚሄደው ሕፃንም ይተርፋል።

የቀረው መንገድ መስጠት ነው። ትልቅ ውሻ፣ ገና ጕልበት ያለው ከሆነ፣ ተቀባይ አያጣም፤ መጋዘን ያለውም ሕንፃ የጀመረውም ይፈልገዋል። ጥያቄውም አንድ ነው፤ «ይናከሳል ወይ?» ከዚህ ሌላ ጥያቄ የሌለው ሰው፣ በእኛ አስተያየት፣ የፈለገው ቁልፍ ነው እንጂ ውሻ አይደለም። ከልጆች ጋር ኳስ ሲያባርር የኖረ እንስሳ ቀኑን ሙሉ በአጭር ሰንሰለት ሲታሰር ወይ ይቈዝማል፣ ወይ በእውነት ተናካሽ ይሆናል። ያረጀና የታመመ ሆኖ የሚወስደው ሲጠፋ ደግሞ፣ ለመጻፍ ቢከብድም፣ በእንስሳት ሐኪም እጅ ያለ ሥቃይ መሞቱ ለጅብ ከመጣል ይሻለዋል።

ከግቢያቸው ወደ ኮንዶሚኒየም ይገቡ የነበሩ አንዲት የምናውቃቸው እመቤት አንድ መጋዘን ያለው ወጣት ውሻቸውን ሊወስድ መጣና፣ «እማማ፣ ይናከሳል?» አላቸው።

«አንተስ ልጄ፣ ታስረዋለህ?»

ቀን ቀን ከበሩ ላይ እንደሚታሰር ሳይሸሽግ ነገራቸው፤ ገንዘብም እከፍላለሁ አለ። እርሳቸው ግን «ልጅ ሲዳር እንኳ የሚሄድበት ቤት ይታያል» ብለው አሰናበቱት። ጎረቤት ሣቀባቸው፤ እኛ ግን አልሣቅንም።

ከሁለት ሳምንት በኋላ በሱሉልታ የሚኖሩ አንድ ጡረተኛ መምህር መጡ። የእኒህ ሰው ጥያቄ ሌላ ነበር፤ ምን ይበላል፣ ከሕፃን ጋር እንዴት ነው፣ መጨረሻ የተከተበው መቼ ነው። ሦስት ጊዜ ተመላለሱ፤ በሦስተኛው የልጅ ልጃቸውን አስከትለው መጡ። እመቤቲቱም በተራቸው ሱሉልታ ሄደው አጥሩን አዩ። የውሻውን ጕድለትም አልደበቁም፤ ሞተር ብስክሌት ሲያይ እንደሚያባርር፣ ርችት ሲተኰስ አልጋ ሥር እንደሚገባ ነገሯቸው። ገንዘብ አልተቀበሉም። የክትባት ካርዱንና የሚተኛበትን አሮጌ ጆንያ፣ ሽታው እንዳይጠፋ ሳይታጠብ፣ አብረው ላኩ። አዲስ ቤት የገባ ውሻ የድሮውን ፍለጋ ስለሚወጣም በሩ ለጥቂት ሳምንታት እንዳይከፈት አደራ አሉ።

«ውሻ በበላበት ይጮኻል» ሲባል ውሻ ያበላውን ሁሉ ወዲያው የሚለምድ ይመስላል። ይህ ውሻ ግን ሦስት ቀን ሙሉ ፊቱን ወደ በሩ አዙሮ ተኛ እንጂ የቀረበለትን አልቀመሰም። በአራተኛው ቀን ልጅቱ ከጆንያው ጫፍ ተቀምጣ ቍራሽ እንጀራ ብትዘረጋለት ከእጇ ተቀብሎ በላ። በሳምንቱ መምህሩ ለእመቤቲቱ ስልክ ደውለው፣ ሌሊት ጅብ መጥቶ ሲጮኽበት እንዳደረ ነገሯቸው።