አዋዜ፤ ትርፉም ኪሳራውም ውኃው ላይ ነው

አዳማ (ናዝሬት) ወርዶ ጥሬ ሥጋ ወይም ጥብስ ያዘዘ እንግዳ ሥጋው ከመቅረቡ በፊት የአዋዜዋ ሳህን ትቀመጥለታለች። ሳህኗ ብትቀር ይጠይቃል፣ አዋዜው ቢበላሽበት ደግሞ ተመልሶ አይመጣም። ይሁን እንጂ አዋዜ በደረሰኝ ላይ ለብቻው ተጽፎ አይታይም። ዋጋው የማይጻፍ ነገር ኪሳራውም አይጻፍምና፣ ለቤቷ የምታዘጋጅ እመቤትም ሆነች ለሥጋ ቤቶች በጀሪካን የምታቀርብ የባልትና ነጋዴ ምን ያህል ገንዘብ በማሰሮው ውስጥ እንደሚቀልጥ አስልታ የምታውቅበት ጊዜ ጥቂት ነው። ሂሳቡ ሲመረመር ደግሞ የገንዘቡ መውጫ አንድ ሆኖ ይገኛል፤ እሱም ውኃ ነው።

አዳማ ለዚህ ገበያ የተመቸች ከተማ ናት። ከሞጆ ወደ ደቡብ በሚገነጠለው መንገድ መቂ፣ ባቱ (ዝዋይ) እና ሻሸመኔ ይገኛሉ። ከቡታጅራ ወደ ባቱ የሚመጣው መንገድ ቆሼን አቋርጦ የማረቆን ዛላ ያመጣል፤ የሃላባ ቁሊቶው ዛላ በሻሸመኔ በኩል ይወጣል። በመቂና በባቱ ዙሪያ በመስኖ የሚለማው ቃሪያ ደግሞ ከሽንኩርቱና ከቲማቲሙ ጋር ተጭኖ ይመጣል። የአዲስ አበባ–አዳማ የፍጥነት መንገድ በ2007 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ለምሳ ወርዶ ማታ የሚመለሰው በላተኛም ቀላል አይደለም። በአዋሽ መልካሳ ያለው የግብርና ምርምር ማዕከል ካወጣቸው የበርበሬ ዝርያዎች አንዱ «መልካ አዋዜ» የሚል ስም የተሰጠው ያለ ምክንያት አልነበረም።

ስሞቹን ለይቶ ማወቅ ለገዢው ይጠቅማል። አዋዜ ከደረቀ በርበሬ የሚሠራ ነው፤ የተዘጋጀው ዱቄት በጠጅ፣ በአረቄ ወይም በውኃ ይለወሳል። ዳጣ ከእርጥብ በርበሬ ተወቅጦ ወይም ተፈጭቶ የሚዘጋጅ የደቡብ አገር ማባያ ሲሆን በባቱ የአሳ ጥብስ ያለ እርሱ አይታሰብም። ከአረንጓዴ ቃሪያ የሚሠራውን በምሥራቁ በኩል ቆጭቆጫ ይሉታል። ሁሉም ያቃጥላሉ፤ የሚበላሹበት ምክንያት ግን ይለያያል፤ ዋጋቸውም እንደዚሁ።

ዛላው ምን ያህል ውኃ ይዟል?

እርጥብ ቀይ በርበሬ ከክብደቱ አራት አምስተኛው ገደማ ውኃ ነው። አንድ ኪሎ በደንብ የደረቀ ዛላ ለማግኘት አራት ኪሎ ተኩል ያህል እርጥብ ያስፈልጋል። በደንብ ደረቀ የሚባለው እርጥበቱ ወደ 10 ከመቶ ሲወርድ ነው። ነጋዴውን የሚጎዳው ግን በ10 እና በ20 መካከል ያለው ነው፤ ምክንያቱም በዓይን አይለይም።

አንድ ነጋዴ እርጥበቱ 20 ከመቶ የሆነ አንድ ኩንታል ዛላ ገዛ እንበል። ከመቶው ኪሎ ውስጥ በርበሬው 80 ኪሎ ነው። ያው ዛላ መጋዘን ውስጥ ደርቆ 10 ከመቶ ላይ ሲደርስ ሚዛኑ 89 ኪሎ ገደማ ይሆናል። አሥራ አንዱ ኪሎ በጣሪያ በኩል ወጥቷል። ይህ ነጋዴ ምንም ሳያተርፍ ያወጣውን ብቻ ለመመለስ የኪሎው ዋጋ 12.5 ከመቶ መጨመር አለበት። የመጋዘን ኪራይ፣ የጫኝና አውራጅ፣ የደላላ ኮሚሽንና የባንክ ወለድ ገና አልተቆጠሩም። ከጥቅምት እስከ ጥር ምርቱ ሲገባ ገዝቶ ክረምት ላይ መሸጥ የታወቀ ንግድ ነው፤ የዋጋውን ልዩነት ብቻ አይቶ የሚገባበት ሰው ግን የሚዛኑን ልዩነት ከረሳ ትርፍ መስሎት የያዘው የራሱ ገንዘብ ሆኖ ያገኘዋል።

ውኃው ሁልጊዜ ከማሳ የመጣ አይደለም። ዛላ በጣም ሲደርቅ ስለሚሰበር፣ ጆንያ ውስጥ ሲታጨቅ እንዳይደቅ ተብሎ ውኃ ይረጭበታል። የሚረጨው ሰው ሁለት ጊዜ ይጠቀማል፤ ዛላው አይሰበርም፣ ሚዛኑም ይጨምራል። የሚጎዳው ገዢው ነው። ስለዚህ ልምድ ያለው ገዢ ከጆንያው አፍ ሳይሆን ከመሐሉ ዘግኖ ጆሮው አጠገብ ያንቀጫቅጨዋል። የደረቀው ዛላ ፍሬው ውስጡ ይንቀጫቀጫል፣ ሲታጠፍም ቀጭ ይላል። እርጥቡ ድምፅ የለውም፤ እንደ ቆዳ ይተጣጠፋል። ከዚያ አንድ ኪሎ አስቀንጥሶ መልሶ ማስመዘን ይገባል። ግንጥሉ፣ የነቀዘውና ነጭ የሆነው ዛላ ወጥቶ የሚቀረው ክብደት ነው የእውነተኛው ኪሎ ዋጋ ማስያ። «ርካሽ» ተብሎ የተገዛ ብዙ ዛላ በዚህ ፈተና ውድ ሆኖ ይገኛል።

እርጥበቱ ከገንዘብ የባሰ ጣጣም አለው። በእርጥብ ዛላ ላይ የሚያድገው ሻጋታ አፍላቶክሲን የተባለውን ጉበት የሚጎዳ መርዝ ሊያመነጭ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1996 በኢትዮጵያ የሕክምና መጽሔት የወጣ ጥናት በአዲስ አበባ ከተሰበሰቡት የተፈጨ በርበሬ ናሙናዎች 13 ከመቶ በሚሆኑት ላይ መርዙን አግኝቷል፤ መጠኑም በኪሎ ከ250 እስከ 525 ማይክሮግራም ነበር። የአውሮፓ ኅብረት ለበርበሬ የሚፈቅደው ጠቅላላ መጠን በኪሎ 10 ማይክሮግራም ብቻ ነው። በርበሬ ወደ ውጭ ለመላክ የሚያስብ ባለሀብት እነዚህን ሁለት ቁጥሮች ጎን ለጎን አስቀምጦ ማየት አለበት። መርዙ ጣዕም የለውም፤ የቤት ምጣድ ሙቀት አያጠፋውም፤ አረቄም አያጠፋውም። ወፍጮ ደግሞ የሻገተውንና ጤነኛውን አንድ ዓይነት ቀይ ያደርገዋል። ዛላውን ሳያዩ ዱቄት የሚገዙ ሰዎች የሚያጡት ይህን የማየት ዕድል ነው።

ቀይነትን ብቻ አይቶ መግዛትም ሌላ ወጥመድ ነው። የሸክላ ዱቄት የተቀላቀለበት በርበሬ በብርጭቆ ውኃ ላይ ሲበተን ሸክላው ቶሎ ወደ ታች ይዘቅጣል። በዘይት የሚሟሟ ቀለም ግን በብርጭቆ ውኃ አይያዝም፤ ላቦራቶሪ ይጠይቃል። በ1997 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ2005) በእንግሊዝ አገር «ሱዳን 1» የሚባል የኢንዱስትሪ ቀለም በበርበሬ ዱቄት አማካይነት አንድ ሶስ ውስጥ በመግባቱ፣ ሶሱ የተጨመረባቸው በመቶዎች የሚቆጠሩ የምግብ ዓይነቶች ከየሱቁ ተሰብስበዋል።

ከዱቄት ወደ አዋዜ

ለቤት የሚሆን አዋዜ ለማዘጋጀት ሩብ ኪሎ ተቀምሞ የተፈጨ በርበሬ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ የተፈጨ ኮረሪማና ለሚፈልግ ጥቂት ሚጥሚጣ ይበቃል። ጨው የሚጨመረው በርበሬው ሲዘጋጅ ካልገባበት ነው። አንድ ብርጭቆ ጠጅ በቀስ በቀስ እየተጨመረ በእንጨት ማንኪያ ይለወሳል፤ ከዚያ ሁለት የሾርባ ማንኪያ አረቄ፣ በመጨረሻም ፈልቶ የቀዘቀዘ ውኃ እስኪፈለገው ቅጥነት ድረስ ይገባል። አልኮል በማይገባበት ቤት የፈላው ውኃና የሎሚ ጭማቂ ቦታውን ይይዛሉ።

እዚህ ላይ መቸኮል አይገባም። ዱቄቱ ፈሳሹን የሚጠጣው ሲያድር ነው፤ ማታ ቀጥኖ የታየው ጠዋት ወፍሮ ይገኛል። በመጀመሪያው ሰዓት መጠኑ ልክ የመሰለው ሲያድር ይጠነክርና ሁለተኛ ውኃ ይጠይቃል። ያ ሁለተኛው ውኃ ከቧንቧ በቀጥታ የተቀዳ ከሆነ ብልሽቱ የሚጀምረው ከዚያ ነው። ስለዚህ ከመጀመሪያው ትንሽ አቅጥኖ ማሳደር ይሻላል።

ጠጅና አረቄ የሚገቡት ለሞቅታ አይደለም። የበርበሬን ማቃጠል የሚሰጠው ካፕሳይሲን በውኃ አይሟሟም ለማለት ይቻላል፤ በአልኮልና በዘይት ግን ይሟሟል። አረቄ የገባበት አዋዜ ማቃጠሉ በሁሉም ጉርሻ እኩል የሚሆነው፣ ከላይ ዘይት ጠብ የተደረገበትም ቀይ ሆኖ የሚያብረቀርቀው ለዚህ ነው፤ ቀለሙም ወደ ዘይቱ ይወጣልና። በውኃ ብቻ የተለወሰው ሲቀመጥ ውኃው ከላይ፣ በርበሬው ከታች ይለያያል። በላተኛው የመጀመሪያውን «አያቃጥልም»፣ የመጨረሻውን «ገደለኝ» የሚልበት ሳህን እንዲህ ያለው ነው።

በሂሳቡ በኩል ሲታይ አንድ ኪሎ ዱቄት ከአንድ ሊትር ከሩብ ፈሳሽ ጋር ሁለት ኪሎ ከሩብ አዋዜ ይወጣዋል። ከዱቄት ይልቅ አዋዜ መሸጥ የሚያዋጣ የሚመስለው በዚህ ነው፤ ውኃም እንደ በርበሬ ተመዝኖ ይሸጣል። ግን ዱቄት ለወራት ይቀመጣል፤ አዋዜ በአዳማ ሙቀት ማቀዝቀዣ ከሌለው ቀኑ የተቆጠረ ነው። ባልትና ሻጯ ከውኃው ያገኘችውን ትርፍ በሁለት የተመለሱ ጀሪካኖች ልታጣው ትችላለች።

ዳጣ በተፈጥሮው ራሱን ይከላከላል። አንድ ኪሎ እርጥብ በርበሬ ታጥቦ፣ ውኃው ተንጠፍጥፎ፣ ከነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ በሶብላ፣ ድምብላልና ጤና አዳም ጋር ይወቀጣል። ጨው ከ30 እስከ 50 ግራም ይገባበትና ተከድኖ ለጥቂት ቀናት ይቀመጣል። በዚህ ጊዜ እርጎ የሚያረጉት ዓይነት ባክቴሪያዎች ያኮመጥጡታል፤ በአዋዜና በዳጣ ላይ ጥናት ያደረጉ የአገራችን ተመራማሪዎችም ይህንኑ የላክቲክ አሲድ ባክቴሪያዎች ሥራ አሳይተዋል። ጨው የቀነሰ ሰው ባክቴሪያዎቹን ሳይሆን ሻጋታውን ረድቷል። ኮምጣጣ ሽታ ደኅና ምልክት ነው፤ ከላይ ፀጉር መሰል ነገር ከታየ ግን ገፎ መብላት ሳይሆን መድፋት ነው።

አንድ ጥንቃቄ ለይቶ መነገር አለበት። ጥሬ ነጭ ሽንኩርት ወቅጦ ከአዋዜ ጋር መለወስና አየር እንዳይገባው ዘይት አልብሶ ከማቀዝቀዣ ውጭ ማስቀመጥ የተለመደ ነው። ነገር ግን አየር የሌለበትና ኮምጣጤነቱ ያነሰ ቦታ ቦቱሊዝም የተባለውን ሕመም የሚያስከትለውን ገዳይ መርዝ ለሚያመነጨው ባክቴሪያ ይመቻል፤ ሽታውም ጣዕሙም ሳይለወጥ። ነጭ ሽንኩርት ያለበት አዋዜ በማቀዝቀዣ ተቀምጦ በሳምንት ውስጥ ያልቅ። ለገበያ የሚያሽግ ሰው ደግሞ የአሲድ መለኪያ ሳይገዛ ጠርሙስ መግዛት የለበትም። ልኬቱ (ፒኤች) ከ4.6 በታች መሆን ይኖርበታል፤ ላለመሳሳት ወደ 4 ቢጠጋ ይመረጣል። ሎሚ ወይም አቸቶ የሚጨመረው በግምት ሳይሆን ይህ ቁጥር እስኪታይ ነው፤ ከዚያም ጠርሙሱ ተሞልቶ በፈላ ውኃ ይቀቀላል።

ማሸጊያው ብርጭቆ ቢሆን ይመረጣል፤ ፕላስቲክ ቀለሙን ይጠጣል፣ ሽታም ይይዛል። የበርበሬ ቀይ ቀለም በብርሃን ስለሚደበዝዝ የሱቅ መስኮት ላይ ፀሐይ እየመታው የሚደረደር አዋዜ ሳይበላሽም ያረጀ ይመስላል፤ ጨለማ መደርደሪያ ወይም ካርቶን ያሻዋል። ከምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን የሚጠየቀው ፈቃድና የመጠቀሚያ ጊዜ ምልክትም በመጨረሻ የሚታሰብ ነገር አይደለም። የመጠቀሚያውን ቀን ለመጻፍ የመጀመሪያዎቹን ጠርሙሶች በመደርደሪያ ላይ አቆይቶ በየጊዜው መክፈትና መለካት ግድ ነውና፣ ያ የጥበቃ ጊዜና የታሰረው ገንዘብ ከመነሻ ካፒታሉ ላይ ይያዝ።