ተጨማሪ መረጃ፦ በብናኞች ጉዞ የውኃን ፍሰት መለካት

ጥርት ያለ ውኃ በምን አቅጣጫና ፍጥነት እንደሚንቀሳቀስ በዓይን መለየት ያስቸግራል። ስለዚህ ጥቃቅን ብናኞች ተጨምረውበት የእነርሱ ጉዞ ይለካል። ጀርመናዊው ሉድቪግ ፕራንትል በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መባቻ የሚካ ማዕድን ብናኝ በውኃ ውስጥ በትኖ ፍሰትን አጥንቷል። ዛሬ በቤተ ሙከራ ስስ የሌዘር ብርሃን ብናኞቹን ያበራል፤ ካሜራም በእጅግ አጭር ጊዜ ልዩነት ሁለት ፎቶ ያነሳል። አንድ ብናኝ በ0.01 ሰከንድ 3 ሚሊሜትር ከተጓዘ ፍጥነቱ በሰከንድ 0.3 ሜትር ነው። የብናኙ እፍግታ ግን ከውኃው ጋር መቀራረብ አለበት፤ ከባድ ከሆነ ይዘቅጣል፣ ልኬቱንም ያዛባል።

በወሎ ካሉት የአምባሰል ተራሮች የሚወርዱ ጅረቶች በክረምት አፈር ስለሚሸከሙ የሌዘር ብርሃን ዘልቆ አያልፋቸውም። ለእንዲህ ዓይነት ድፍርስ ውኃ የሚሻለው ገጹን ከዳር ሆኖ በቪዲዮ መቅረጽ ነው። አረፋ፣ ቅጠልና ገለባ የብናኙን ሥራ ይሠራሉ። የወንዝ ገጽ አብዛኛውን ጊዜ ከታችኛው ውኃ ስለሚፈጥን የተገኘው ፍጥነት በ0.85 ገደማ ይባዛል፤ ውጤቱ በወንዙ አቋራጭ ስፋት ሲባዛ በየሰከንዱ የሚያልፈው የውኃ መጠን ይታወቃል።

እንዲህ ያለው ልኬት ለሐይቆችም ይጠቅማል፤ ለምሳሌ በዚያው በወሎ «ሐይቅ» በምትባለው ከተማ አጠገብ ያለው ሐይቅ በገጸ ምድር የሚወጣ ወንዝ የለውም፤ ጅረቶች ያመጡት ደለል እዚያው ይቀራል። የገባሪዎቹን ፍሰት መለካት ለሐይቁ ጥበቃ እጅግ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። በቪዲዮው ዘዴ ደግሞ ለኪው ደራሽ ጎርፍ ውስጥ መግባት አያስፈልገውም።