«ዶክተር» ከተባልኩ በኋላ የወደቅኩት ፈተና

ሰፈራችን ውስጥ «ዶክተር» መባል የጀመርኩት ገና የመጀመሪያ ዓመት የሕክምና ተማሪ ሳለሁ ነው። ነጭ ጋዎን ለብሼ የተነሳሁትን ፎቶ እናቴ በፍሬም አድርጋ ሳሎን ሰቅላዋለች። ከምረቃው በኋላማ ምን ልበላችሁ፣ ጎረቤቱ ሁሉ የግፊት መድኃኒቱን ይዞ «እስቲ እይልኝ» እያለ ይመጣል። እኔ ግን ዲግሪ እንጂ የሙያ ፈቃድ የለኝም። ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ በሕክምና የተመረቀ ሰው ፈቃድ ለማግኘት የጤና ሚኒስቴርን የብቃት ምዘና ፈተና ማለፍ አለበት። ፈቃድ ከሌለ በሐኪምነት መቀጠር የለም። እኔ ደግሞ ባለፈው ዙር ወድቄያለሁ።

ይሄን ለእናቴ ለመንገር ሦስት ሳምንት ፈጅቶብኛል።

እንዴት ወደቅሽ ለምትሉኝ፣ ስላላጠናሁ አይደለም። ኢንተርን የሆነ ሰው እንዴት እንደሚያጠና ያለፋችሁበት ታውቁታላችሁ፦ ዱቲ ታድራለህ፣ ጠዋት ራውንድ ትገባለህ፣ ከሰዓት መጽሐፍ ገልጠህ ገጹ ላይ ትተኛለህ። ስለዚህ አቋራጭ ፈለግኩ። ቴሌግራም ላይ «ያለፉ ጥያቄዎች» እየተባሉ የሚዞሩ ፒዲኤፎች አሉ። ሰብስቤ ሸመደድኳቸው። መጨረሻ ላይ የጥያቄውን የመጀመሪያ መስመር ሳይ መልሱ «ሲ» እንደሆነ አውቅ ነበር። ለምን «ሲ» እንደሆነ ግን ራሴን አልጠየቅኩም። አንዳንዶቹ መልሶች ጭራሽ ስህተት እንደነበሩ ያወቅኩት በኋላ ነው።

የፈተናውን ጥያቄ እዚህ ማውጣት ልክ ስላልሆነ፣ ከወደቅኩ በኋላ ስለማመድ ያገኘሁትን አንድ ጥያቄ ልንገራችሁ። የአንድ ዓመት ተኩል ልጅ ነው። ሦስት ቀን አስቀምጦታል፣ ዓይኑ ጎድጉዷል፣ ቆዳው ሲቆነጠጥ ቶሎ አይመለስም፣ የክንዱ ዙሪያ 10.8 ሴንቲ ሜትር ነው፣ እጅና እግሩ ይሞቃል። ቀጥሎ ምን ታደርጋለህ? ጣቴ በራሱ ጊዜ ሄዶ «ሪንገር ላክቴት በደም ሥር፣ በኪሎ 100 ሚሊ ሊትር» የሚለውን ነካ።

ተሳሳትኩ። ቁልፉ ያለው ክንዱ ላይ ነው። በዚህ ዕድሜ ከ11.5 በታች ማለት ልጁን የከፋ የምግብ እጥረት ጎድቶታል ማለት ነው። እንዲህ ያለው ልጅ ከቆዳው ሥር ያለው ስብ ስላለቀ ዓይኑም ቆዳውም ያታልላሉ፤ ብዙ ፈሳሽ ሳይጎድለው በጣም የጎደለው ይመስላል። ልቡም አቅም የለውም፤ በደም ሥር ፈሳሽ በፍጥነት ብትለቅበት ልቡ መሸከም አቅቶት ሊሞትብህ ይችላል። ሾክ ውስጥ እስካልገባ ድረስ የሚሰጠው ሪዞማል ነው፤ ከተለመደው ኦአርኤስ ሶዲየሙ ያነሰ፣ ፖታሲየሙ የበዛ። በአፍ ወይም በአፍንጫ ቱቦ፣ በየ30 ደቂቃው በኪሎ 5 ሚሊ ሊትር፣ ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ሰዓታት።

መሳሳቴ ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር። ያንገበገበኝ ግን ይሄን ልጅ ማወቄ ነው። ሕፃናት ክፍል ዱቲ ላይ፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ፣ ካኑላ ይዤ ደም ሥር ስፈልግ አንዲት ሲስተር እጄን ያዘችኝ። «ዶክተር፣ ቆይ እስቲ። ክንዱን ለክተሽዋል?» አልለካሁም። መለኪያውን አምጥታ ስትጠመጥምበት ቀዩ ላይ አረፈ። ያን ሌሊት ከእናትየው ጎን ቁጭ ብዬ ሪዞማሉን በሲሪንጅ እየለካሁ ስሰጠው ነጋ። ልጁ ድኖ በእናቱ ጀርባ ታዝሎ ሲወጣ አይቻለሁ። በእጄ የሠራሁትን ነገር ነው እንግዲህ ፒዲኤፍ ያስረሳኝ!

በማግስቱ ፋይሎቹን ከስልኬ አጠፋሁና የኢንተርንሺፕ ማስታወሻ ደብተሬን ፈልጌ አወጣሁ። ጋዎን ኪስ ውስጥ የምትገባ፣ ቡና የፈሰሰባት ናት። ውስጧ ያሉትን ታካሚዎች አንድ በአንድ ወደ ጥያቄ መለወጥ ጀመርኩ። አብረውኝ ከወደቁ ሁለት ጓደኞቼ ጋር ማታ ማታ ቴሌግራም ላይ በድምፅ እንጠያየቃለን። ሕጋችን አንድ ነው፤ ትክክለኛውን መልስ መናገር ብቻ አይበቃም፣ የቀሩት ለምን እንዳልሆኑ ማስረዳት ግዴታ ነው።

«ኤክላምፕሲያ ያለባት እናት፣ ማግኒዥየም ሰልፌት ጀምረሻል። ቀጣዩን ዶዝ ከመስጠትሽ በፊት ምን ታያለሽ?»

«የጉልበት ሪፍሌክስ፣ አተነፋፈስ፣ የሽንት መጠን።»

«ሪፍሌክሱ ከጠፋስ?»

«አቆማለሁ። ትንፋሿም ከቀነሰ ካልሲየም ግሉኮኔት።»

«ለምን ሪፍሌክስ?»

እዚህ ላይ ዝም አልኩ። መልሱ ቀላል ነበር፤ ማግኒዥየሙ ሲበዛ ሪፍሌክስ የሚጠፋው ትንፋሽ ከመቆሙ በፊት ስለሆነ ነው። ማዋለጃ ክፍል ስንት ሌሊት ጉልበት እየመታሁ ይሄን አንድ ቀን አለማሰቤ ገረመኝ።

ሌላው ነገር፣ የውጭ መጽሐፍ ብቻ ይዛችሁ አትቀመጡ። እዚህ ቫይቫክስ ወባ ያለበትን ሰው በክሎሮኪንና በፕራይማኪን ነው የምናክመው፤ ፋልሲፓረም ሲሆን አርቴሜተር ሉሜፋንትሪን ከአንድ ዶዝ ፕራይማኪን ጋር። የአገራችንን መመሪያ አንብቡ። ዓይን፣ ቆዳ፣ ሥነ አእምሮ የመሳሰሉትን «ማይነር ናቸው» ብላችሁ የምትዘሏቸውም፣ እኔም ዘልያቸው ነበር።

ለእናቴ የነገርኳት ቡና እያፈላች ነው። ጀበናውን አስቀመጠችና ትንሽ ዝም አለች። አለቀሰች ብዬ ቀና ስል፣ «መቼ ነው የሚደገመው?» አለችኝ። ነገርኳት። «በይ እስከዚያ ጎረቤቱ ዶክተር ሲልሽ ፊትሽን አታጥቁሪ፣ ለምደውታል።» ከዚያ ወዲህ ማታ ማታ ቴሌቪዥኑን ቀንሳ ነው የምታየው። ቀንሺ ያላት ሰው የለም።

ፈተናው 17 ቀን ቀርቶታል። ዛሬ ማታ ጠያቂዋ እኔ ነኝ፤ ርዕሱ ግላኮማ ነው፣ እሱንም ገና አላነበብኩትም።