የዩኒቨርሲቲ የምርምር ድጎማና ከእንጦጦ ሥር የሚነሣ የደም ማነስ ጥያቄ

በየካ ክፍለ ከተማ፣ የእንጦጦ ተራራ ወደ ከተማው በሚወርድበት ወገን፣ ከባሕር ወለል በላይ 2500 ሜትር ከፍታ ላይ የምትኖር ነፍሰ ጡር ያልሆነች አንዲት ሴት በጤና ጣቢያ ተመርምራ ሄሞግሎቢኗ በዴሲሊትር 13.0 ግራም ሆነ እንበል። ይህች ሴት የደም ማነስ አለባት ወይስ የለባትም? በባሕር ወለል በሚሠራበት የ12.0 ግራም ወሰን ከታየች ጤነኛ ናት። የዓለም የጤና ድርጅት ለረጅም ዓመታት ሲሠራበት በቆየው የከፍታ ማስተካከያ መሠረት ግን በ2500 ሜትር ላይ 1.3 ግራም ስለሚጨመር ወሰኑ 13.3 ይሆናል። ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው መመሪያ ደግሞ ከ2500 እስከ 2999 ሜትር ላለው ከፍታ ጭማሪው 1.8 በመሆኑ ወሰኑ ወደ 13.8 ከፍ ይላል። በሁለቱም ስሌት ሴቲቱ ታማሚ ትባላለች። ማስተካከያውን የማያደርግ ባለሙያ ያሰናብታታል፤ የሚያደርገው የብረት ማዕድን እንክብል ያዝላታል።

የማስተካከያው መነሻ ሐሳብ ግልጽ ነው። ከፍታ ሲጨምር የኦክስጅን ግፊት ይቀንሳል፤ ሰውነትም ጉድለቱን ለማካካስ ቀይ የደም ሕዋሳትን ያበዛል። ችግሩ የደጋ ሕዝብ ሁሉ እኩል የማያበዛ መሆኑ ነው። ሲንቲያ ቢል የተባሉ አሜሪካዊት የሥነ ሰብእ ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው በሰሜን ተራሮች አካባቢ፣ በአምባራስ፣ በ3530 ሜትር ከፍታ የሚኖሩ 236 ሰዎችን መርምረው እ.ኤ.አ. በ2002 ባሳተሙት ጥናት የወንዶቹ አማካይ ሄሞግሎቢን 15.9፣ የሴቶቹ 15.0 ግራም፣ የኦክስጅን ሙሌቱም 95.3 በመቶ ነበር። ይህ በቆላ ከሚኖር ሰው ልኬት እምብዛም የራቀ አይደለም። በቀድሞው ማስተካከያ ለ3500 ሜትር የሚጨመረው 2.7 ግራም ስለሆነ የሴቶች ወሰን 14.7 ይሆናል፤ ከአምባራስ ሴቶች አማካይ ልኬት የሚያንሰው በ0.3 ግራም ብቻ ነው። እንግዲህ ከነዚያ ሴቶች ቁጥራቸው ቀላል የማይባል በስሌት ብቻ የደም ማነስ ታማሚ ሆኑ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ በደጋ የሚኖሩ የባሌ ኦሮሞዎች ሄሞግሎቢን በሰሜን ተራሮች ከሚኖሩት አማሮች ከፍ ያለ መሆኑን አሳይቷል። አዲስ አበባ ደግሞ ከሁሉም ማዕዘን የመጣውን ሕዝብ ያቀፈች ከተማ ናት።

ይህን የመሰለ ጥያቄ የሚመልሰው ማን ነው? ትልልቆቹ የውጭ ድጎማዎች የየራሳቸው የትኩረት ዝርዝር አላቸው፤ የአንድ ከተማ የላቦራቶሪ ወሰን በዚያ ዝርዝር ውስጥ እምብዛም አይገባም። ዩኒቨርሲቲዎች ለመምህራኖቻቸው የሚሰጡት አነስተኛ ድጎማ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። ከመገናኛ እስከ እንጦጦ ወገብ ባሉ ጤና ጣቢያዎች የሚገኙ ጤነኛ ጎልማሶችን ለመመርመር የሚያስፈልገው ብዙ አይደለም፤ የሄሞግሎቢን መለኪያ፣ የብረት ክምችትን ለማወቅ የፌሪቲን ምርመራ፣ ድብቅ ብግነትን ለመለየት የሲአርፒ ምርመራ፣ የሁለት ነርሶችና የአንድ የላቦራቶሪ ባለሙያ አበል። ፌሪቲን ከሌለ ግን ጥናቱ ባይጀመር ይሻላል። ሄሞግሎቢን ዝቅ ያለው በብረት እጥረት ይሁን በተፈጥሮ ሳይለይ የሚወጣ ቁጥር ክርክሩን ያበዛዋል እንጂ አይፈታውም።

የድጎማ ምንጮች በጥቅሉ ሦስት ናቸው። አንደኛው ዩኒቨርሲቲው ከራሱ በጀት የሚመድበው ነው፤ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ቲማቲክ ምርምር በሚል ስም የሚታወቀው ከዚህ ይመደባል። ሁለተኛው የመንግሥት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1975 የተቋቋመው የሳይንስና ቴክኖሎጂ ኮሚሽን ለአገር ውስጥ ተመራማሪዎች ድጎማ ይሰጥ ነበር። ሦስተኛው የውጭ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 በአሜሪካ መንግሥት ድጋፍ የተጀመረው የሕክምና ትምህርት አጋርነት ፕሮግራም የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲን የጤና ሳይንስ ኮሌጅ ቢያጠናክርም የተሰጠው ጊዜ የተወሰነ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2025 ደግሞ ዩኤስኤአይዲ ሲዘጋ፣ የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማትም በንዑስ ውል ለውጭ አገር ተቋማት የሚያስተላልፉትን ገንዘብ ሲያቆሙ፣ በእንዲህ ያለ ገንዘብ ብቻ የቆመ ሥራ ምን ያህል ለአደጋ የተጋለጠ እንደሆነ ታይቷል።

አመልካቾች አብዛኛውን ጊዜ የሚወድቁት በሳይንሱ አይደለም። ጥያቄው ሰፊ ይሆንና ገንዘቡ አይበቃውም፤ ወይም በጀቱ በውሎ አበል ተሞልቶ ለሪኤጀንት የሚተርፍ ያንሳል። ሪኤጀንት በውጭ ምንዛሪ የሚገዛ በመሆኑ ግዥው በወራት ሊዘገይ ይችላል፤ የሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድ ሳይገኝ ደግሞ ደም መቅዳት አይቻልም። ስለዚህ የሥራ መርሐ ግብሩ ናሙና መሰብሰብ የሚጀምርበትን ቀን ከውሉ መፈረሚያ ቀን ጋር አንድ ማድረግ የለበትም። ቅድመ ክፍያ በደረሰኝ ካልተወራረደ ተከታዩ ክፍያ አይለቀቅም፤ ደረሰኝ ሰብሳቢ አስቀድሞ ካልተመደበ ጎበዝ ተመራማሪም ቢሆን በሒሳብ ክፍል ደጃፍ ይውላል።

ትንሽ ጅምር የት እንደሚደርስ ለማየት እንዶድን ማስታወስ ይበቃል። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 በዓድዋ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን አዩ። ከዚያም በዩኒቨርሲቲው ውስጥ ባቋቋሙት የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩት ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር ለቢልሃርዚያ መከላከያነት አጠኑት፤ ሁለቱም እ.ኤ.አ. በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት ተቀበሉ። ነገር ግን እንዶድ ለሰውና ለአካባቢ አደገኛ አለመሆኑ በዓለም አቀፍ የላቦራቶሪ ደረጃ እንዲረጋገጥ ሲጠየቅ ወጪው ከአገር ውስጥ አቅም በላይ ስለነበር የካናዳ የልማት ምርምር ማዕከል ገንዘብ እስኪገኝ ድረስ ዓመታት አለፉ። የመጀመሪያው ምልከታ ብዙ ወጪ አልጠየቀም፤ ማረጋገጫው ግን ውድ ነበር። ድጎማ ሰጪ ዩኒቨርሲቲዎች ይህን ሁለተኛ ምዕራፍ ከወዲሁ ቢያስቡበት መልካም ነው።

በየካ የሚሠሩ ባለሙያዎች ለእንዲህ ያለው ጥናት ቅርብ ናቸው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የዓይን ሕክምና ትምህርት ክፍል በምኒልክ ሆስፒታል የሚያስተምር በመሆኑ መምህርና ሆስፒታል በአካባቢው ለረጅም ጊዜ አብረው ሠርተዋል። የጤና ጣቢያ ነርስ ወይም የላቦራቶሪ ባለሙያ ናሙና ሰብሳቢ ብቻ ሳይሆን ተባባሪ ተመራማሪ ሆኖ በማመልከቻው ላይ ስሙ ሊሰፍር ይገባዋል። ውጤቱም በመጽሔት ከመታተሙ ጎን ለጎን ደሙ ወደተቀዳበት ጤና ጣቢያ ተመልሶ፣ በላቦራቶሪ ውጤት ወረቀቱ ላይ ከመደበኛ ልኬቱ ጎን እንዲጻፍ በውሉ ውስጥ አንድ አንቀጽ ሊኖረው ይገባል።